እስከ ቀትር የሚቆይ ሕመም

የጉልበት ቅባት በሸተተኝ ቁጥር ልቤ ደባርቅ ይሄዳል። የደጃችን ድንጋይ መደብ ትታየኛለች፤ ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው እሷን ስለነበር አባባ የሚቀመጡት እዚያ ነው። አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ ቁርጥማት ነበረባቸው። ሲነሱ ሁለት ሰው ደግፎ ያወጣቸዋል፣ እናቴ ጉልበታቸውን በፌጦና በቅቤ ታሻለች። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ደግሞ ከዘራቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ። «የሊማሊሞ ብርድ ነው፣ በጎልማሳነቴ በቅሎ ስነዳ የገባብኝ» ይሉናል። ማንም ተጠራጥሯቸው አያውቅም።

ታዲያ ታናሽ እህቴ ዝናሽ በዘጠኝ ዓመቷ «እኔንም እንደ አባባ ያመኛል» ብላ ብትነሳ ቤቱ በሳቅ አለቀ! አባባ ራሳቸው «ኧረ ተይ ልጄ፣ ይኼንንም ልትወርሽኝ ነው?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቁርጥማት የሽማግሌ ነዋ! ልጅን ቁርጥማት ያዘው ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል?

ጠዋት ግን ጣቷ አልታጠፍ ስለሚላት ቦርሳዋን የማነግታት እኔ ነበርኩ። ጉልበቷ አብጦ ይሞቃል። መንገድ ላይ እየተጎተተች ታስረፍደኛለች፣ እኔም እነጫነጫለሁ። ከሰዓት በኋላ እቺው ልጅ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት በአንድ እግሯ እየዘለለች ትበልጠኛለች! እንዲህ ያለ በሽታ አለ እንዴ? ጠዋት አሳዝናኝ ከሰዓት ታናድደኛለች፤ የቱን እንደማምን ጠፋኝ።

በኅዳር፣ አመዳዩ ሣሩን ባነጣበት አንድ ጠዋት፣ ዝናሽ «መነሳት አቃተኝ» ብላ አለቀሰች። እናቴ እኔን ፊቷ አቆመችኝ።

«ትልቋ አንቺ ነሽ፤ በእመብርሃን፣ እውነቱን ንገሪኝ። የምሯን ያማታል?»

«ትናንት ስትዘል ነበር» አልኩ። አልዋሸሁም እኮ፤ ዘላለች።

«እንግዲያው የስንፍና በሽታ ነው» አለችና አስነስታ ሰደደቻት። እኔ ጥያት ሮጥኩ። ትምህርት ቤታችን አርፋጅን በሩ ላይ ጠጠር ላይ ያንበረክክ ነበር። በክፍሌ መስኮት አየኋት፤ በዚያ ባበጠ ጉልበቷ ተንበርክካ፣ ዓይኗን ጨፍና። ከዚያ ቀን ወዲህ አመመኝ ብላ አታውቅም። አባባ ዘወትር «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ዝናሽ መቼ ደበቀች? እኛ ነን ያስደበቅናት።

ካደገች በኋላ ጎንደር ያየቻት ሐኪም የመገጣጠሚያ ብግነት መሆኑን፣ ልጅንም እንደሚይዝ፣ ጠዋት መተሳሰሩ፣ ከሰዓት መላላቱም የበሽታው ጠባይ እንደሆነ ነገረችን። ቶሎ ቢታከም ኖሮ ጣቶቿ እንዲህ ባልተጣመሙም ነበር። እኔም ደነገጥኩ። አባባም እኮ ቀትር ላይ ይሻላቸው ነበር! ያው አንድ ሕመም ለሳቸው ቅቤ፣ ለሷ ጠጠር ያመጣው ለምን እንደሆነ ዛሬም ግራ ይገባኛል።

ዛሬ ዝናሽ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ስልክ እየደወልኩ «ጣትሽ ተፈታልሽ?» እላታለሁ። ባለፈው ደባርቅ ስንገናኝ፣ ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛ ሳያት አላስችል አለኝና ጠየቅኋት።

«ያን ዕለት ለእናታችን ‹ስትዘል ነበር› ስል ለምን ዝም አልሽ? ውሸቷን ነው አትይም ነበር?»

«ምን ብዬ?» አለችኝ። «ቀትር ላይ ሲተወኝ፣ ለካ ውሸታሟ እኔ ነኝ እል ነበር። አንቺ ስትናገሪ እኔም አመንኩሽ።»