ተራ የማይጠብቁት አባቴ

ቡሬ ካለው ኮምፒውተር ቤት ሁለት የቼዝ ፕሮግራም አገኘሁ፤ አንዱ ስህተት እያረመ ያስተምራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያሸንፋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ባለቤቱ «ሳይጠፋ ምረጥና ፍላሽህ ላይ ልጫንልህ» እያለ ያጣድፈኛል። ሰንጠረዥ፣ ማለትም ቼዝ፣ ያስተማሩኝ አብረውኝ የመጡት አባቴ ናቸውና እሳቸው ይፍረዱ ብዬ ወንበሩን ለቀቅሁላቸው።

አባቴ የሚያውቁት የድሮውን ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቅ እንዳሻው ይገፋል። የሚያስተምረውን ከፈትኩላቸው። አንድ ወታደር ገፉ፤ ወዲያው ሁለተኛውን ሊገፉ ሲሉ ማሽኑ ጮኸ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍም ብቅ አለ።

«ምን አለኝ?»

ፈራ ተባ እያልኩ ተረጎምኩላቸው። «ተራዎን ይጠብቁ ነው የሚለው።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ ተራ የምጠብቀው ወፍጮ ቤት ነው!»

ባለቤቱ ሳቁን ዋጠ። እኔም በአባቴ መሳቁ አናዶኝ፣ ፍርዳቸውን ሳልጠብቅ «የሚያስተምረውን ጫንልኝ!» አልኩት። እስኪጫን ድረስ እኔና ባለቤቱ መብራቱ እንዳይጠፋ እየሰጋን አምፖሉን እናያለን።

አባቴ ግን ዓይናቸውን ከማሽኑ አልነቀሉም። «ሲሸነፍስ ይናደዳል?»

«ማሽን እኮ ነው አባዬ፣ አይናደድም።»

«ታዲያ ብታሸንፈው ምን ይረባሃል?»