ከማታር የሚመጣው አርባ

የመጀመሪያ ቀኔ ሰኞ ነበር። የንግድ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ታደሰ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ካለው ትልቁ መጋዘን ጀርባ ወደምትገኝ ጠባብ ክፍል አስገቡኝና በጨርቅ የተሸፈነ ኮምፒውተር አሳዩኝ። "ትችያለሽ አይደል?" አሉኝ። "እችላለሁ" አልኩ። አልችልም ነበር። ከጎሬ ይዤ የመጣሁት ሙያ ታይፕ ነው፤ እሱንም ማንም አላስተማረኝም። ከኮምፒውተሩ ጋር ግን መመሪያውን መሀላችን አስቀምጠን ሁለት ወር ስንጨቃጨቅ ከርመን ታረቅን።

የጋምቤላ ክልል ገና መቆሙ ነበር። የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለሙ አልደረቀም፤ ማን የማን ሰው እንደሆነ ሁሉም ይጠያየቃል። ወረቀት የያዘ ጠያቂ ሲመጣ ጨዋታው ቀጥ ይላል። የእኔ ሥራ ደግሞ ወረቀት ይዞ መጠየቅ ሆነ።

አቶ ታደሰ የፈለጉት ቀላል ነገር ነው። ድርጅቱ ጨው፣ ሳሙናና የቤት ዕቃ ከመኪና እያወረደ በጀልባ ወደ ኢታንግና ወደ ማታር ይልካል። "በየወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ስጪኝ" አሉኝ። "የት ምን አለቀ፣ የት ምን ቆመ። በግምት መጫን ሰልችቶኛል።" ዛሬ ወጣቶቹ ለዚህ ሥራ ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አላቸው፣ ሥልጠናም ይሰጡበታል። እኛ "ገጹ" ነበር የምንለው።

መረጃ መሰብሰቢያ ቅጽ ያስፈልገኝ ነበር። አዲስ ስሠራ ከምደክም ብዬ ከመዝገብ ቤት የድሮ የርክክብ ቅጽ አወጣሁ፤ ርዕሱን ብቻ ቀይሬ አባዛሁት። ከግርጌው "ለሚታየው ጉድለት ኃላፊነቱን የምወስደው እኔ ነኝ" የምትል መስመር ነበረች፤ ከጎኗ የፊርማ ቦታ። አንብቤያታለሁ። ምንም አልመሰለችኝም።

የኢታንጉ የመጋዘን ሠራተኛ ኦኬሎ ቅጹን ይዞ ጋምቤላ ድረስ መጣ። ገብቶ በሩን ዘጋ።

"እህት አስቴር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይሄ ወረቀት የት ነው የሚሄደው?"

"አቶ ታደሰ ጠረጴዛ ላይ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ያዩታላ።"

"አይተውስ?"

ቅጹን ከእጁ ወስጄ አገላበጥኩት። ኦኬሎ ሳቀ። "አየሽ፣ አንቺም አታውቂም!" ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የእሱ ቅጽ ሦስት ሳምንት ሳይዘገይ መጥቶ አያውቅም።

ማታር ግን አይዘገይም። የማታሩ መጋዘን ሠራተኛ ቾል በየወሩ በመጀመሪያው ጀልባ ይልካል፤ ጽሕፈቱ ንጹሕ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው። በመጋዘኑ ያለ ጨው፣ አርባ ከረጢት። ሳሙና፣ አርባ ካርቶን። በሁለተኛው ወር ጨው አርባ፣ ሳሙና አርባ። በሦስተኛውም አርባና አርባ።

ነገሩ አልጥም አለኝ። ወይ ማታር ላይ ጨው የሚቀምስ ሰው የለም፣ ወይ ቾል ጨዉን ድንበር እያሻገረ እኛን በአርባ ያስተኛናል። ገጹን ለአቶ ታደሰ ስሰጥ ይህን ሁለተኛውን ሹክ አልኳቸው። ዛሬም ሳስበው ፊቴን ይለበልበኛል።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አሉ። "ባሮ ሳይጎድል ሁለት ምልልስ ይቀረናል። በመጀመሪያው ሄደሽ ቁጠሪ። በሁለተኛው ዕቃውን አስወጥቼ መጋዘኑን እዘጋለሁ፣ ቾልንም አሰናብታለሁ።"

ጀልባው ላይ ማንም አላናገረኝም። ለምን እንደምሄድ የሰሙ ይመስለኛል።

ቾል ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነው። ወንበር አወጣልኝና እሱ ቆመ። "ልትቆጥሪ መጣሽ" አለኝ። መጋዘኑን ከፈተልኝ። ሳሙናው ተከምሯል። ጨው አንድ ከረጢት የለም።

"ጨዉስ?"

"ተሸጠ። ካለቀ ሁለት ወሩ።"

"አርባ አለ ብለህ ፈርመሃል እኮ!"

"ፈርሜያለሁ። የሽያጩን ደረሰኝ ለገንዘብ ቤት ልኬያለሁ፤ እነሱን ጠይቂ።"

ገንዘብ ቤቱና የእኔ ክፍል የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። አንድም ቀን ደረሰኝ ጠይቄ አላውቅም።

"ታዲያ አርባ ምንድነው?"

ቾል ያልተሞላ ቅጽ ከኪሱ አውጥቶ የግርጌዋን መስመር በጣቱ አሳየኝ። "ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ 'የለም' ብሎ ጻፈ። ጉድለት ተባለ፣ በጥበቃ ታጅቦ ወጣ። እኔ መጀመሪያ አርባ ጻፍኩ፤ ያኔ እውነት ነው፣ አርባ ነበር። ማንም አልመጣም። አርባ ጥሩ ቁጥር ነው አልኩ።"

ስዞር ከበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ በከሰል ጭረት ተሞልቶ አየሁ። ከላይ የዓሣ መንጠቆ ተሥሏል፤ ከሥሩ ጭረት በጭረት ላይ። ከጎኑ የመረብ ክር፣ ቀጥሎ የጨው ከረጢት፣ ሁሉም ጭረታቸው ብዙ። የሳሙናው ሥር ባዶ ነው።

"ይሄስ?"

"ሰው መጥቶ ጠይቆ ያጣው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ጭረት።"

"ምነው ታዲያ አልላክህልንም?"

"የት ልጻፈው?" አለኝ። "ቅጽሽ ቦታ የለውም።"

ግድግዳውን ከነጭረቱ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት።

አቶ ታደሰ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ "ቾል ስንት ደረቅ ዓሣ አሸከመሽ?" አሉኝ።

"ጥፋቱ የቅጹ ነው። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የሚሰናበት ካለ ከእኔ ይጀመር።"

ከገንዘብ ቤት ደረሰኞቹን አምጥቼ አንድ በአንድ ዘረጋሁላቸው። የተሸጠው ጨው ከተላከው ጋር ልክ ሆነ፤ ከረጢት አልጎደለም። ቀና ብለው አዩኝ። "እና አሁን ግድግዳ አምኜ ጀልባ ልጫን?"

"ቅጹን አምነው ጨው ሳይልኩ ነው የከረሙት።"

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩ። "አንድ ጀልባ! ካልተሸጠ ሁለታችሁንም አላውቃችሁም።"

በመጨረሻው ምልልስ መንጠቆ፣ የመረብ ክርና ጨው ሄደ። እኔ ያቺን መስመር ከቅጹ አወጣሁ፤ በቦታዋ "ተጠይቆ የታጣ" የሚል ዓምድ አስገባሁ። የተሠራውን ገጽ ደግሞ ለቾልና ለኦኬሎ ግልባጩን መላክ ጀመርኩ። ኦኬሎ መጀመሪያ "ይሄ ደግሞ የምን ወጥመድ ነው?" ብሎ መልሶልኝ ነበር።

ከማታር ቀጣዩ ቅጽ መጣ። መንጠቆ፣ አለቀ። ጨው፣ ስድስት ከረጢት። ሳሙና፣ ያው። ከሥሩ ቾል በእርሳስ "አሁን ማን ይመጣል?" ብሎ ጽፏል። ባሮ ጎድሎ ስለነበር "ጨውና መንጠቆ የጫነ መኪና" ብዬ መለስኩለት። መኪናውም ሄደ። መጋዘኑ አልተዘጋም፤ ቾልም እኔ ሥራ እስክለቅ እዚያው ነበር።

ከዚያ በኋላ በሌሎች ድርጅቶችም ይህንኑ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ቁጥሩ ምን ላይ እንደሚውል ያልተነገረው ሠራተኛ፣ ራሱን የሚያድንበትን ቁጥር ይሰጣል። ቅጽ ከማባዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩ፤ የሠራችሁትንም ገጽ ቁጥሩን ለላከው ሰው መልሱለት።