የጋሽ መርዕድ አራት ሞተሮች

ባለፈው ሚያዝያ ብሪን የሚባለው ሰፈር ያለውን የጋሽ መርዕድን ጋራዥ ስከፍት የቤንዚንና የአሮጌ ጎማ ሽታ ፊቴን መታኝ። ጋሽ መርዕድ ከሞተ ሦስት ወሩ ነበር፤ ሚስትም ልጅም ስላልነበረው መኪናውን ለእኔ ተናዝዞልኛል። ሽታው አላስለቀሰኝም። አናደደኝ።

ልጅ ሳለሁ ቶየን በሚባል ሰፈር ስንኖር ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነበር የሚኖረው። አገር ቤት በመሐንዲስነት ተመርቆ እዚህ በሰው አገር አውቶቡስ ያጥብ ነበር። ከሥራ እንደወጣ የሚሮጠው ወደዚያ ቀይ አሮጌ የአሜሪካ የስፖርት መኪና ነው። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ «ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ በዚህ ነው መጥቼ የምወስድሽ» አለኝ። ወሬውን ለክፍሉ በሙሉ ነዛሁት።

ሰኔ ሲደርስ ሞተሩ ወርዶ ጠበቀኝ። መኪናው ሲፈጥን ይንቀጠቀጣል አለ። በምትኩ ከስዊድን ታክሲ የወጣ ሞተር ገጠመ፤ እሱም አንቀጠቀጠ። በዓመቱ ሰኔ ደግሞ ያንን አውርዶ የዕቃ መኪና ናፍጣ ሞተር እየገጠመ ነበር። ሁሉም ይሠሩ ነበር እኮ! እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ይነሳል አይደል?»

«ያ፣ አዎ፣ ይነሳል።»

«ታዲያ እንሂዳ!»

«ናይ፣ አይሆንም ልጄ። እየተንቀጠቀጠ ሰው አልጭንበትም። መሐንዲስ እኮ ነኝ።»

የማይነካው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ረጅም የብረት ዘንግ። የድሮው ዝጎበት በገዛ እጁ በይዶ የሠራው ነው። ብየዳውን በጣቴ እያስዳሰሰ፣ «ይሄ የእጄ ሥራ ነው» ይለኝ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስጨርስ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ጋሽ መርዕድ ከአውቶቡስ ወረደ። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። «የኤሌክትሪክ ሞተር አግኝቼለት…» ብሎ ሲጀምር ልጆቹ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬ ሁሉ ከአንገት በላይ ሆነ።

ባለፈው ሚያዝያ ጋራዡን ስከፍት ሦስቱ ሞተሮች ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል፤ አራተኛው ኮፈኑ ውስጥ አለ። የጠራሁት መካኒክ መኪናውን ከፍ አድርጎ ዘንጉን በእጁ አዞረው። ብየዳው ላይ ትንሽ ጎብጧል።

«ሞተሮቹ ምንም አልሆኑም። የሚያንቀጠቅጠው ይሄ ነው» አለኝ። «ማነው የሠራው?»

«አላውቅም» አልኩት።

እዚያው ቆሜ መጮህ አማረኝ። ሦስት ሰኔ! ሁሉን ሲጠረጥር የራሱን እጅ ብቻ ሳይጠረጥር ሞተ። እኔም ይህን ሳልነግረው፣ እሱም ይቅርታዬን ሳይሰማ። መካኒኩ አዲስ ዘንግ ልዘዝልሽ ሲለኝ ግን እምቢ አልኩ። ያው ዘንግ ተቃና፣ የመጀመሪያው ሞተርም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ትምህርት በተዘጋ ቀን ነድቼ ሄድኩና የድሮው ትምህርት ቤቴ በር ፊት ለፊት ቆምኩ። መኪናው ፈጽሞ አይንቀጠቀጥም። ልጆች ከበቡኝ። አንዷ ኮፈኑን እየዳበሰች ማን እንደሠራው ጠየቀችኝ።

«ጋሽ መርዕድ» አልኳት። «መሐንዲስ ነበር።»