ለሦስተኛው ሰው የሚቀመጥ ሰላጣ

በመካነ ሰላም የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የጓሮውን ለስላሳ ቅጠል ሁሉ ያቃጥለዋል፤ የሚተርፈው ጎመን ነው፤ እርሱም ውርጭ ከመታው በኋላ እንዲያውም ይጣፍጣል። ባለቤቴ ደም አንሷት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በወደቀች ጊዜ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቀይ ሥር፣ ምስርና ጎመን በሎሚ አድርጋ አዘውትራ እንድትበላ አዘዘቻት። ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለ ነበረ ትእዛዙ ከጾሙ ጋር አልተጣላም። እርሷ ቆማ መሥራት ስለ ተሳናት፣ ዕድሜዬን በዜማና በቅኔ የፈጀሁት እኔ ሰላጣ መሥራት ጀመርሁ።

ቀይ ሥሩን ከነልጣጩ እቀቅለዋለሁ፤ ተልጦ ከተቀቀለ ቀለሙ ሁሉ በውኃው ይቀራልና። ምስሩ ሳይፈርስ ወጥቶ ይቀዘቅዛል። ጎመኑን አቅጥኜ ከትፌ፣ ከቆላ በመጣ ሎሚና በጨው እስኪለዝብ አሸዋለሁ። ከዚያ የተቀቀለ ድንች፣ ቃሪያ፣ ጥቂት የኑግ ዘይት። ሰዓቱ ሳይደርስ መቅመስ ስለማይገባ ጨውን በጣቴ ግምት ብቻ እጥላለሁ።

ቀይ ሥር የምታመጣልን ሙስሊም ጎረቤታችን ቢላዋ ይዤ ስታገኘኝ ሳቋ አመለጣት።

«የኔታ ጓዳ ገቡ ሲሉኝ፣ ውሸት ነው ብዬ ስከራከር ነበር እኮ።»

«እንግዲህ ተረትተሻል፤ ግቢና ሽንኩርት ክተፊ።»

«ወላሂ አልከትፍም። ቁጭ ብዬ አይቼ ለባሌ ነው የምነግረው።»

ወዲያው በመደቡ ላይ የተደረደሩትን ሦስት ሳህኖች አየችና ሳቋን ተወች። «አብሽሩ፣ የኔታ» ብላኝ ወጣች።

ሦስተኛው ሳህን የልጃችን ነበር። ካቻምና በባሕር ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር ሄደ። አብሮት የተሳፈረው የሰፈራችን ልጅ ተመልሶ፣ ጀልባው ሲገለበጥ ልጃችንን ውኃው ውስጥ እንዳየው፣ ከዳር ግን እንዳላየው ነገረን። እኔ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለት አልሁ። ባለቤቴ፣ «በቁሙ ላለ ሰው ፍትሐት አያስደርጉ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከምትበላው ሁሉ እኩሌታውን ትከፍልለታለች። አብዝቼ ብሠራም ከራሷ ድርሻ ካላነሣች አይሆንላትም። ደሟን ይተካል የተባለው ምግብ እንዲህ ከፊቷ ይሄዳል። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ጎመኑ ጠቁሮ፣ ቀይ ሥሩ ምስሩን አቅልቶት አገኘዋለሁ። ለከብት ልሰጠው እጄ እምቢ ስለሚለኝ ከጓሮ ጉድጓድ ምሼ አፈር አለብሰዋለሁ።

ከቅዳሴ ተመልሰን በዘጠኝ ሰዓት ማዕድ ስንቀርብ፣ አንዳንድ ቀን ጉርሻ የያዘ እጇ ከአፏ ሳይደርስ ይቀራል።

«ጫማውን ሲያራግፍ ሰማሁት።»

«ነፋስ ነው» እላታለሁ።

ስለ ነፍሳት ማደሪያ ለደቀ መዛሙርት ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ እኔም መስማቴን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኋትም።

በታኅሣሥ አጋማሽ ከአልጋ መነሣት አቃታት። አጠገቧ ተቀምጬ፣ «ጠብቂው፤ አልከለክልሽም። ነገር ግን በየትኛው ጉልበትሽ ነው የምትጠብቂው? አንቺንም ልቅበር?» አልኋት።

በዚያው ዕለት ማዕዱን ከአልጋዋ አጠገብ አቅርቤ ባረክሁ። የራሷን እኩሌታ ጨረሰች። ከዚያ የልጃችንን ሳህን ብዙ አየችውና ወደ ራሷ ሳበችው። በገብሱ ቂጣ እየጠቀለለች ቀስ ብላ መብላት ያዘች።

«ጨው አንሶታል» አለችኝ።

አቀበልኋት። ስለምናት የኖርሁት ይኸው ሆኖ ሳለ፣ የመጨረሻውን ጉርሻ ስታነሣ እጇን ልይዛት ወደድሁ። ሳህኑን በቂጣው ጠርጋ አስቀመጠችና፣ «ለካህናቱ ስለ ፍትሐቱ ይንገሯቸው» አለች።

ዛሬ የፊቷ ደም ተመልሷል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ያለ ደጋፊ ትሄዳለች። ከካህናቱ ጋር በየማለዳው አብሬ እቆማለሁ፤ የልጄን ስመ ክርስትና እንዲጠሩት መስጠት ግን እስካሁን አልቻልሁም። ባለቤቴ ማዕድ በቀረበ ቁጥር፣ «ነገሯቸው?» ትለኛለች።

«ነገ» እላታለሁ፤ የራሴንም ሰላጣ ለሁለት እከፍላለሁ።