አክስቴ ለሐኪሙ ያላሳዩት ሕመም

አክስቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጥንታቸውን ሲያማቸው ሲያቃስቱና እኔን ሲሰድቡ ነበር የሚውሉት። በጋሪ ዳንግላ ሐኪም ዘንድ ስወስዳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉ።

«እንዴት ነዎት እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ልጄ!»

የሄድንበት ብርቱ የሕመም ማስታገሻ፣ ሞርፊን፣ ደግሞ ሐኪሙ ራሱ ሕመሙ መጽናቱን አይቶ ካልጻፈ በሕግ አይሰጥም። ጨነቀኝና በእሳቸው ፈንታ እኔ እንደ ወላድ አቃሰትኩ።

«የማክመው አንተን ነው?» አለኝ ሐኪሙ። አክስቴም አብረውት ሳቁ። አስፕሪን ይዘን ተመለስን።

«ምነው ደኅና ነኝ አሉ?» ብላቸው፣ «እንዴት ነዎት ላለ ሰው ሕመም ይዘረገፍለታል እንዴ? አንተ ባለጌ!» አሉኝ።

በዚያ ፈገግታ የተነሣ በሐኪሙ እንዴት እንደቀናሁበት! ለእኔ እንዲያ ስቀውልኝ አያውቁም። ሲሞቱም ሐኪሙ ለቅሶ መጥቶ «ሲያማርሩ ሰምቻቸው አላውቅም» ሲለኝ ቅናቴ ባሰ። ማቃሰታቸውን አምነው ያሳዩት ለእኔ ብቻ እንደነበር የገባኝ ዛሬ፣ መደባቸው ባዶ ሆኖ ቤቱ ጭር ሲል ነው።