ያለ ጋቢ የሄድኩበት ስብሰባ

የታሰርኩበት ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ከረጢቱ ቢወጣም ሽታው አልወጣም፤ ገና በሩ ሲከፈት ዓይኔን አቃጠለኝ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የጋይንት የጥቅምት ብርድ ደግሞ ይታወቃል፤ እኔ ከስብሰባ በቀጥታ ስለተወሰድኩ በሸሚዝ ነበርኩ።

ስብሰባው ስለ ሰብል መድን ነበር። ሰብላችን በድርቅም በበረዶም ሲጠፋ ካሳ እንድናገኝ፣ የመድኑን ክፍያ አብዛኛውን መንግሥት ይደጉመን ነበር። አሁን ድጎማው ሜዳ ላይ በኩታ ገጠም ስንዴ ለሚዘሩት ብቻ እንዲሆን ታስቧል ተባለ። "ሐሳብ ያለው?" ሲሉ እጄን አወጣሁ።

"በረዶው ሜዳና ዳገት አይለይም። የዳገቱን ገብስ ማን ይየው?" አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ያሳሰረኝ ጭብጨባው ይመስለኛል።

ውስጥ አንድ የስማዳ ሽማግሌ አገኘሁ። ልጃቸው የት እንደገባ አልናገርም ብለው የተያዙ ናቸው። ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ የጋቢያቸውን ጫፍ ገለጡልኝ።

"ና ግባ፣ ይሄ ሲሚንቶ አጥንት ይበላል" አሉኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በረዶ ወረደ። ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ሽማግሌው "እግዚኦ መሐረነ" ሲሉ ከበሩ ውጭ ጠባቂውም ሲከተላቸው ሰማሁ። እሱም የገበሬ ልጅ ነው። የእኔ ገብስ ለአጨዳ ደርሶ ነበር። በረዶ ያስተኛው ገብስ ቶሎ ካልተነሳ እዚያው መሬት ላይ ይበቅላል። ቤት ያለችው ደግሞ ጨቅላ የታቀፈች ሚስቴ ብቻ ናት።

ይህን ስብሰባውን የመራው ኃላፊም ያውቃል። ጧት መጣና፣ "ነገ ስብሰባ አለ። ሐሳቡን እደግፋለሁ በልና ሄደህ ገብስህን አንሳ" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ዞር ስል ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ሊመክሩኝም ሊታዘቡኝም አልፈለጉም።

"አልደግፈውማ፣ ጌታዬ" አልኩ። "ገብሱ ይቅር።"

ባለቤቴ ምግብ ይዛ ስትመጣ ነገርኳት። አገልግሉን አስቀመጠችና፣ "አብደሃል? ያን ሁሉ ገብስ ለአንዲት ቃል?" አለች። ልጁን እንዳዘለች ሳትሰናበተኝ ሄደች። ያን ቀን እህል አልወረደልኝም። ከእስሩ ይልቅ የእሷ አካሄድ ከፋኝ።

ከቀናት በኋላ ተመልሳ መጣች። እጇ ተቧጥሯል። ከጎረቤት ጋር ሆና የቻለችውን እንዳነሳች፣ ግማሹ ግን በቅሎ እንደቀረ ነገረችኝ። ከዚያ የቤታችንን ወፍራም ጋቢ አውጥታ ሰጠችኝ።

"እንግዲህ አልልም ካልክ አልክ። ብርድ አይምታህ" አለች።

ሲመሽ በተራዬ ጫፉን ለሽማግሌው ገለጥኩላቸው።

ከተፈታሁ ቆየሁ። ሽማግሌው የት እንዳሉ ጠይቄ ጠይቄ የሚነግረኝ አጣሁ። ድጎማውም ለሜዳው ብቻ ሆኖ ቀረ፤ እኔም ዳገቱ ላይ ገብሴን እዘራለሁ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር፣ ፀሐይ ቢሆንም፣ ባለቤቴ ያንን ጋቢ ታቀብለኛለች። ዝም በል ብላኝ አታውቅም።

"ወፍራሙን ያዝ" ትለኛለች። "እዚያ ጋቢ የሌለው አይጠፋም።"