የእንዳኢየሱስ ውሃ፣ ሮተርዳም ላይ

አሳምነው ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው የወጥ ቤቱን ቧንቧ መክፈት ነበር። ውሃው እንደ ወትሮው ሲወርድ ትንሽ ቆሞ ያያል፤ ከዚያ ባዶ ያገኘውን ጠርሙስ ሁሉ ይሞላል። ዴንሃግ ውስጥ፣ ስኪልደርስዋይክ በሚባለው የድሆች ሰፈር፣ ከአንድ የቱርክ ሥጋ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የሚኖሩት። በዚያች ጠባብ ቤት ከማጠቢያው ሥር፣ ከአልጋው ሥርና ከመጋረጃው ጀርባ የውሃ ጠርሙስ ተደርድሯል። ሚስቱ አበባይሽ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ትቆጣ ጀመር።

«አንተ ሰው፣ ይኼ አገር እኮ ውሃ ላይ ነው የተሠራው» ትለዋለች። «ያልቃል ብለህ ነው?»

«ልማድ ነው» ይላል። 

ካርቱም ላይ ተዋውቀው እዚያው ተጋብተው ነው ወደ ሆላንድ የመጡት። ወታደር እንደነበረ ታውቃለች። በሰሜኑ ጦርነት የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ እንደዘመተ፣ በኋላም በእግሩ ሱዳን እንደገባ ታውቃለች። በመካከሉ ያለውን ስትጠይቀው «ተከበን ነበር፤ ወጣን» ብሎ ይዘጋባታል። እሷ ሆላንድኛውን ቶሎ ለምዳ የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት ሥራ ያዘች። እሱ ቲማቲም የሚበቅልባቸው የመስታወት ቤቶች ውስጥ ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ ወገቡ ተጎድቶ ዚክተቬት በሚሉት የሕመምተኛ አበል ቤት ዋለ። የሆላንድ የፎቅ ደረጃ ቀጥ ያለ መሰላል ነው ማለት ይቻላል። ወገቡን ስለሚያቃጥለው አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ሳይወርድ ይቀራል። መስኮቱ አጠገብ ወንበሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ሥጋ ቤት የሚገባውንና የሚወጣውን ሲቆጥር ይመሽለታል።

አንደኛ ፎቅ ላይ ያፕ የሚባል ወንደላጤ የትራም ነጂ ነበር። ከሥራ መልስ አጉሊ መነጽር አድርጎ፣ የጣት አንጓ የሚያህሉ የእርሳስ ብረት ወታደሮችን በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይቀባል። በፈረንጆቹ 1986፣ ብርዱ በበረታበት ጥር፣ አንድ ቀን አበባይሽን ደረጃ ላይ አስቁሞ መዳፉን ከፈተላት። ነጭ እጀ ጠባብና ነጭ ሱሪ የለበሰ፣ ጋሻ ያነገበ ሰውዬ መዳፉ ላይ ቆሟል።

«የእናንተ ሰው ነው» አላት። «ሮተርዳም ያለው ማኅበራችን በእነዚህ ወታደሮች የመቀሌን ከበባ ጠረጴዛ ላይ ሊጫወት ነው። ዓመት ሙሉ ስንቀባ ከረምን። ጣሊያኖቹን ከምሽጉ ያስወጣቸው የምንጩ መያዝ ነው፤ ምንጩን አስያዘች የሚሏት ደግሞ ሴት ናት። አንቺ ለምን የእሷን ጦር አታዢም?»

አበባይሽ ሦስቱን ፎቅ እየሮጠች ወጣች። «እቴጌ ልሆን ነው!» አለችው ባሏን። «አንተም ትመጣለህ። ከዚህ ወንበር ተነሥተህ ሰው ታያለህ።»

«እመጣለሁ» አላት፤ ደስታዋን ማበላሸት አልፈለገም።

ቅዳሜ ጠዋት በያፕ መኪና ሄዱ። ዝናቡ አላባራም። ማኅበሩ የሚሰበሰበው አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። መሀል ላይ ጠረጴዛዎች ተጋጥመው፣ በስፖንጅና በአሸዋ ተራራ ተሠርቶባቸዋል። ከኮረብታው ጫፍ በቡሽ የተገነባው የጣሊያኖቹ የእንዳኢየሱስ ምሽግ ቆሟል፤ ከሥሩ በብርጭቆ ቀለም የሚያብረቀርቅ ምንጭ አለ። ሩሎፍ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ዳኛ ነበሩ። አበባይሽን እጅ ነሥተው ተቀበሏትና የኢትዮጵያን ጦር ግማሽ ሰጧት። ሌላውን ግማሽ የያዘው ቤን የሚባል ቀይ ጢም ያለው ጎረምሳ ነው።

ችግሩ ምሽጉን የሚይዘው ሰው ኢንፍሉዌንዛ ይዞት መቅረቱ ነበር።

«ባልሽስ?» አሉ ሩሎፍ።

ያፕ የአሳምነውን ትከሻ መታ አደረገ። «እሱ ወታደር ነበር! ከሁላችንም ይሻላል።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። አሳምነው እምቢ ለማለት ሆላንድኛውን ፈለገ፤ አጣው። ከአፉ የወጣው «ኦኬ» የሚል ቃል ነው። ወዲያው ወንበር ሳቡለትና ከግድግዳው ጋር ከምሽጉ በስተጀርባ አስቀመጡት። ግራና ቀኙን ተመልካች ሞላው።

«ባንዳ ሆንክብኝ!» አለችው አበባይሽ ከማዶ እየሳቀች።

ዝቅ ብሎ ምሽጉ ውስጥ አየ። ጥቂት ነጭ ፊቶች አሉ። የቀሩት ረጅም ቀይ ቆብ የደፉ፣ አስካሪ የሚባሉ ለጣሊያን የተቀጠሩ አበሾች ናቸው፤ ያፕ ፊታቸውን አንድ በአንድ ጠይም አድርጎ ቀብቷቸዋል። የአንዱ አፍ ትንሽ ተከፍቷል። ቀለሙ አምልጦት ይሆናል።

ሩሎፍ ሕጉን አስረዱ። ሳህን ላይ ያሉት ሰማያዊ ዶቃዎች የምሽጉ ውሃ ናቸው፤ በየዙሩ ይነሣሉ። ተኩስ በዳዶ፣ ስድስት ገጽ ባለው ባለ ቁጥር መወርወሪያ፣ ይወሰናል። የሞተ ከጠረጴዛው ይወጣል፤ የቆሰለ በጎኑ ይጋደማል፤ ባልደረቦቹ ደርሰው ካልተሸከሙት በሦስተኛው ዙር ይሞታል።

«እጅ መስጠት ይቻላል?» ሲል ጠየቀ አሳምነው።

ሰዎቹ ሳቁ። ሩሎፍ ግን በቁም ነገር መለሱለት፦ «ዶቃው ሲያልቅ ብቻ። አሁን ከሰጠህ ጨዋታ የለንም።»

ዳዶው ይንኳኳ ጀመር። አበባይሽ የምንጩን ዙሪያ በሰው አጠረችው፤ ጨዋታው ገብቷታል። ዶቃው እየመነመነ ሄደ። አሳምነው ሳህኑን አተኩሮ ሲያይ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣበቀ። አጠገቡ ሻይ ቀርቦለት ነበር፤ አልነካውም። መጨረሻ ላይ አራት አስካሪዎችና አንድ በቅሎ ከበሩ አውጥቶ ወደ ምንጩ ላካቸው።

አበባይሽ ዳዶውን በሁለት እጇ አሽታ ወረወረችው። ሦስቱ ሞተው ከጠረጴዛው ወጡ። አራተኛው ከምንጩ ዳር በጎኑ ተጋደመ።

«ቆስሏል» አሉ ሩሎፍ።

አሳምነው ሁለት ሰው ላከለት። ሁለቱም መንገድ ላይ ቀሩ። አራት ጨመረ። እነሱም ወደቁ። ተመልካቹ ማጉረምረም ጀመረ።

«ምን ነካህ?» አለ ያፕ ዝቅ ብሎ። «ለአንድ ሰው ብለህ ምሽጉን ባዶ ልታደርገው ነው? ቅጥሩን ማን ይጠብቅልህ?»

አሳምነው ከሰሜኑ ግንብ ላይ ሌሎች ስድስት አነሣ። አንዱ አመለጠውና ቡሹ ላይ ተንኳኳ። አበባይሽ አዲስ ዳዶ ልትወረውር እጇን አነሣች፤ ስትስቅ ዓይኗ ፊቱ ላይ ወደቀ። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። ባሏ እሷንም ምሽጉንም አያይም። የሚያየው ያንን የተጋደመውን አንዱን ብቻ ነው። ግንባሩ በላብ ርሷል።

«አሳምነው» አለችው በአማርኛ። «ማነው እሱ?»

አሳምነው ስድስቱን ወደ ምንጩ ገፋቸው።

«ማነው እኮ?»

«ሽባባው» አለ።

አዳራሹ ውስጥ ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም። ሩሎፍ ሰዓታቸውን አዩ። «እሜቴ፣ ተራሽ ነው» አሉ በትሕትና።

አበባይሽ ዳዶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አልተኩስም» አለች በሆላንድኛ። «ሰዎቹ ቁስለኛቸውን ይውሰዱ።»

«መብትሽ ነው» አሉ ሩሎፍ። «በሕጉ ይፈቀዳል።»

«እኔ ግን እተኩሳለሁ» አለ ቤን። «ግማሹ ጦር የኔ ነው። እነሱን ካሳለፍናቸው ውሃ ቀድተው ነው የሚመለሱት።» በክፋት አልነበረም። ጠዋቱን ሙሉ በትዕግሥት ተራውን የጠበቀ ተጫዋች ነው። ወረወረ። ስድስቱ ላይ አልቀናውም፤ ሦስተኛው ዙር ግን እነሱ ሳይደርሱ ተዘጋ። ሩሎፍ ጎንበስ ብለው የተጋደመውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ከሞቱት ሳጥን ውስጥ ጨመሩት። ኳ ሲል ተሰማ።

አሳምነው ተነሣ። ከኋላው ግድግዳ፣ በግራ በቀኝ ሰው ነው። ለመውጣት ጊዜ ፈጀበት፤ ወንበር እየገፋ፣ «ይቅርታ» እያለ፣ የሰው ጉልበት እያቋረጠ ሄደ። ካፖርቱንም አልያዘ።

ውጭ ግን የት ይሄዳል? ከተማውን አያውቀውም፤ የመኪናው ቁልፍ ያፕ ዘንድ ነው። ዝናቡ ይወርዳል። የትምህርት ቤቱ የብስክሌት ማቆሚያ የቆርቆሮ ጣራ ስለነበረው እዚያ ሥር ቆመ። አበባይሽ ካፖርቱን ይዛ ተከትላው መጣች። አለበሰችው እንጂ አልጠየቀችውም። እሱ ራሱ ነው የጀመረው።

«የውሃው ጉድጓድ ከሽቦ አጥሩ ውጭ ነበር» አላት። «በተራ ነው የምንወርደው። የዚያን ቀን የሱ ተራ ነው፤ ሽባባው። የጎጃም ልጅ ነው። አንድ ምሽግ ውስጥ ነው የምናድረው። ጀሪካኑን ይዞ ወረደ፣ መቱት። አልሞተም። ወድቆ ይጣራል።»

«ማንን?»

«እኔን ነዋ! ስሜን። ልወጣ ስል ሻምበሉ ሽጉጥ አውጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አንድ ሰው ለማምጣት አሥር ሰው አላስጨርስም አለ። ድምፅ እንዳትሰጠው፣ ድምፅህን ከሰማ ተስፋ ያደርጋል አለኝ። እስኪመሽ ተጣራ። እኔ ዝም አልኩ።» በእጁ አፉን አበሰ። «ሻምበሉ ትክክል ነበር፣ አበባይሽ። ዛሬም አየሽው አይደል? ውሃ ሊቀዱ ከወረዱት ጋር አሥር ሰው አለቀ።»

አበባይሽ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ልማድ ነው እያለ ያስቀመጣቸውን ጠርሙሶች አሰበች፤ የተቆጣችባቸውን ቀኖችም። ዳዶውን ስትወረውር እንዴት ትስቅ እንደነበረም አሰበች።

«እኔ እኮ አላወቅሁም» አለችው።

«የት ታውቂያለሽ። አልነገርኩሽም።»

ጨዋታው ሲያልቅ እዚያው ቆመው ነበር። ያፕ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣ፤ አፍሮ ነበር፤ ምን እንዳጠፋ ግን አያውቅም። መንገድ ላይ መጥረጊያው መስታወቱን ሲያብስ ብዙ ከሄዱ በኋላ ተናገረ።

«ሌላ ሰው ያዘልህ። ዶቃው አለቀና እጅ ሰጡ። ሩሎፍ እንደ ታሪኩ አደረጉት፤ በሩ ተከፈተና መሣሪያቸውን እንደያዙ ወጡ። ንጉሡ በቅሎ እንኳ ሰጥተዋቸው ነበር አሉ።»

«ሁሉም ወጡ?» አለ አሳምነው ከኋላ ወንበር።

«የቀሩት ሁሉ።»

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ለአሳምነው የተቃለለ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። አሳምነው ሮተርዳም ያለው አዳራሽ ተመልሶ አልገባም። ወገቡም አልዳነ፤ በዚያ የካቲት ከሦስተኛው ፎቅ የወረደባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ይልቅ ዝምታው ተከፈተና አበባይሽ የማትችለው ሆነ። ወጥ ስታማስል ይጀምራል፤ ጫማዋን ስታወልቅ ይጀምራል። ስለ ጥሙ፣ ስለ ሽታው፣ በመጨረሻም ሻምበሉ ራሱ እንዴት እንደሞተና እነሱ ሌሊት ተበታትነው እንዴት እንደወጡ ይነግራታል። አንድ ምሽት ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ «ዛሬ በቃኝ! እባክህ» አለችው። ቅር አላለውም፤ ወደ መስኮቱ ዞረ። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ግን ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ፍትሐት ተደርጎለታል?» አለችው።

«ማን ያደርግለታል? ሬሳውንም አላነሣነው።»

አባ ገብረሥላሴ የሚባሉ ቄስ አልፎ አልፎ ከጀርመን እየመጡ በተውሶ ቤተ ክርስቲያን ይቀድሱ ነበር። የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ አምስተርዳም መጡ። አበባይሽ ባሏን ደግፋ ደረጃውን አወረደችው፤ በባቡር ሄዱ። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ለብቻቸው አገኟቸው።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ አባ ገብረሥላሴ።

አሳምነው ደነገጠ። ከሽባባው ጋር ያን ያህል ጊዜ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተዋል፤ ይህን ግን አልተጠያየቁም። «አላውቅም አባ» አለ።

ቄሱ አዩት። የሚጠይቁት ብዙ ነገር የነበራቸው ይመስላል፤ ተዉት። «እሱ ያውቀዋል» አሉ ወደ ላይ እያመለከቱ። «እናንተ የምትጠሩትን ስም ስጡኝ።»

«ሽባባው» አለች አበባይሽ፣ ከባሏ ቀድማ።

ፍትሐቱ አጭር ነበር። አሳምነው ቀለል ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አላለውም። 

ወደ ዴንሃግ ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሜዳውና ቦዩ ያልፋል። አሳምነው ሳያስበው ፈገግ አለ።

«ካርታ ሲጫወት ያጭበረብር ነበር» አለ። «ጫማው ውስጥ ጆከር ይደብቃል። ሁላችንም እናውቅበታለን፤ እሱ ግን ማንም ያወቀበት አይመስለውም።»

አበባይሽ ሳቀች። ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ወደ እሱ ዞረች።

«ሌላስ?» አለችው።